ጣቱ የኛ አልነበረም

በሆስፒታሉ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን ከፍቶ በተቀመጠበት፣ «የካርድ ክፍል ወረፋ የሚረዝመው የሴቶቹ ጣት ኮምፒውተር ላይ ስለሚንቀረፈፍ ነው» ተባለ። ይህ ሐሰት ነው። አስቀድሜ የምጽፈው ይህንን ነው፤ የቀረው የሥራ ዘመኔ ወሬ ከዚህ በኋላ ይምጣ። በዚያ ቃል ምክንያት አስቴር፣ ከሁላችንም ፈጣን የነበረችው፣ ከመስኮቷ ተነሥታ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተላከች። የሰው ስም በአዳራሽ ከተበላሸ የሚታጠበውም በአዳራሽ ነው፤ በጓዳ ይቅርታ የሚባል ነገር አልወድም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ ተይው፤ አለፈ እኮ» ይሉኛል። «አለፈ» እንደሚለው ቃል የሚያናድደኝ የለም። ዝናብ ያልፋል። በሰው ላይ የተነገረ ውሸት ግን ሰው ካላነሣው እዚያው ነው።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሥራ የጀመርኩት በወላይታዋ ዲምቱ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በጽዳት ነው። እዚያ የነበረችው ነርስ አንድ ቀን ስጠርግ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሳነብ ሰማችኝና «አንቺ ማንበብ እያወቅሽ መጥረጊያ ታቅፈሻል?» ብላ ተቆጣችኝ። በቁጣ ነው ከፍ ያልኩት። ለበሽተኛ ካርድ እንዳወጣ አደረገችኝ። ከዚያ በዴሳ ተዛወርኩ። የበዴሳው አለቃዬ ሰው ሲፈልገው «የለም በሉ» እያለ ከበሩ ኋላ የሚቆም ሰው ነበር፤ ጫማው ግን ከበሩ ሥር ይታይ ነበር። በገበያ ቀን እህሉንም ከብቱንም ሸጦ የመጣው ሰው ሁሉ «እግረ መንገዴን ልታከም» ይላል፤ ወረፋ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። በመጨረሻ ሶዶ መጣሁ፤ ጡረታዬም እዚሁ ሆነ። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ደመወዙ ራሱ ብዙ አላወራም።

ሶዶ ሥራ ያስተማሩኝ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ባሳ ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። «ቀጣይ!» ብለው ሰው ጠርተው አያውቁም። «ቀጣይ የሚባል ሰው አልወለድንም» ይሉ ነበር። ሰውን በስሙ፣ ከዚያ በአባቱ፣ ከዚያ በአያቱ ስም ይጠሩታል። በአባት ስም ብቻ የጠራን እንደሆነ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ይነሣሉ፤ አያት ሲጨመር አንዱ ይቀመጣል።

ሌላው ልማዳቸው መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮቶቹ ከተከፈቱ በኋላ ወደ ውጭ ይወጡና ከበሽተኞቹ ጋር ይሰለፋሉ። ለመታከም አይደለም። ከወረፋው መሐል ቆመው መስኮቶቹን ያያሉ። «ጋሼ፣ ከውስጥ አይታይም?» ብላቸው፣ «ከውስጥ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ወረፋ የሚታየው ከወረፋው ነው» አሉኝ።

በዚህ ልማዳቸው ነው የፊደሉን ስሕተት ያዩት። አራት መስኮት ነበረን፤ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሰው በሽተኛውን በስሙ መጀመሪያ ፊደል ከፋፍሎት ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ወላይታ አማኝ አገር ነው፤ ሰው ልጁን የሚሰይመው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። አብርሃሙ፣ ኤልያሱ፣ ኢያሱው፣ እስራኤሉ፣ አስቴሯ፣ እኔ አመነችም ራሴ፣ ሁላችንም «አ» መስኮት ላይ ነን። ያ መስኮት የኔ ነበር። እኔ ላብ ሲያጠምቀኝ ጎረቤቴ ሹራብ ትሠራለች። ጋሽ ባሳ አዩና ፊደሉን ጣሉት። በካርድ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ከፋፈሉን። «ስምን እናት አባት ይመርጡታል። የመጨረሻዋን ቁጥር የመረጠ የለም፤ ስለዚህ አታዳላም» አሉ። የጎረቤቴ ሹራብ ሳያልቅ ቀረ።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው፤ በአንድ መስኮት የተጀመረ ጉዳይ በዚያው መስኮት ያልቃል። ሌላው መስኮት ባዶ ቢሆንም እናትን እዚህ፣ ልጅን እዚያ አይልኩም። «ቤተሰብ አይበተንም። ከተበተነ ስትለቅሙት ትውላላችሁ» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ያን ጊዜ ሰምቼው አለፍኩ። በኋላ ዋጋ ያስከፈለኝ እርሱ ነው።

ጋሽ ባሳ ጡረታ ወጡ፤ ኮምፒውተር ገባ፤ በቁጥር መከፋፈሉም ቀርቶ ሰው በመረጠው መስኮት ይሰለፍ ጀመር። ሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ ሠራና አስተዳደሩ ወደዚያ ተሻገረ። የሁላችንም ኮምፒውተር መረጃ የሚቀመጥበት ትልቁ ማሽን፣ ሰርቨር የሚሉት፣ እዚያ ተቀመጠ። እኛ ከተመላላሽ ክፍል ሐኪሞቹ ጋር አሮጌው ሕንፃ ቀረን። ኮምፒውተር ስንሠለጥን አስቴር ሳታይ ትጽፍ ጀመር፤ እኔ ፊደል እየፈለግሁም ቢሆን ከሰው አላነስኩም።

ችግሩ የጀመረው የራጅ ፎቶ በፊልም መታጠቡ ቀርቶ በኮምፒውተር ወደ ሐኪሞቹ መላክ ሲጀምር ነው። ጠዋት ሐኪሞቹ ሥራ ሲጀምሩ የኛ ሥራ ይቆማል። የበሽተኛውን ስም እንጽፋለን፤ ኮምፒውተሩ ላይ «ጠብቁ» የምትለው ክብ ትዞራለች። ትዞራለች። ከሃላሌ የመጡ አንድ አባት መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ «አዬ፣ ኮምፒውተሩ እየጸለየ ነው እንዴ? እኛ አሜን ካልን ቆየን እኮ» አሉኝ። ወረፋው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ በትኩሳት ታቃስት ነበር።

የኔትወርክ ባለሙያው በረከት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። በሽተኞቹ «አዬ፣ አዬ» ሲሉኝ ይሰማና ያዝናል። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እርስዎን ሲያይ ለምንድነው የሚያዝነው?» አለኝ።

«በወላይትኛ እናት ማለታቸው ነው።»

«ኧረ! እኔ ደግሞ ምሬት መስሎኝ።»

«የአንተን ኮምፒውተር ሲያዩ ምሬትም ነው» አልኩት።

በነገርኩት ቁጥር እዚያው አዲሱ ሕንፃ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሞክረውና «ፈጣን ነው እኮ!» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ እዚያ ፈጣን ነው። ሳስጨንቀው አዲስ ዕቃ አስገዛ። በስብሰባ ቆሞ፣ «ሰርቨሩ ሁለት ካርድ ነበረው። አሁን አራት አድርገን ቦንድ እናደርጋቸዋለን» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ከላብራቶሪ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ደግሞ ቦንድ? ያለፈው ከደመወዛችን ተቆርጦ ሳያልቅ?» አለ። ሌላው፣ «ካርዱን በየግላችን ነው የምንሞላው ወይስ መሥሪያ ቤቱ ይሞላልናል?» አለ። እኔም አላረፍኩም፤ «ካርድ ከተጨመረ መደርደሪያው የታለ?» አልኩ። ለኛ ካርድ ማለት የበሽተኛ ካርድ ነዋ።

በረከት ፊቱ ቀልቶ አስረዳ። የኔትወርክ ካርድ ማለት ገመዱ ተሰክቶ መረጃው ከማሽኑ የሚወጣበትና የሚገባበት በር ነው። ቦንድ ማለት ደግሞ አራቱን በሮች አስሮ እንደ አንድ ሰፊ በር ማሠራት፣ ሸክሙንም ለአራቱ ማከፋፈል ነው።

«መስኮት ነው በላ! አራት መስኮት» አልኩት።

«መስኮት ይሁን፣ እትዬ» አለና ተቀመጠ።

አራቱ ካርድ ገባ። ቦንዱም ሆነ። ወረፋው ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ነው ሥራ አስኪያጁ ያን ቃል የተናገረው። «ካርድ ተጨመረ፤ ቦንድ ተደረገ፤ ባለሙያው ማሽኑ ደህና ነው ይላል። የቀረው የሰው ጣት ነው። የካርድ ክፍል ሴቶች ጣት ይንቀረፈፋል» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ ስላለቀለት ነው። ከማሽን የተረፈ ጥፋት ሁሉ ለሰው ይደርሳል፣ ያውም መስኮት ላይ ለተቀመጠው።

ከሁሉ የረዘመው ወረፋ አስቴር ፊት ስለነበረ አስቴር ተነሣች። ወረፋዋ የረዘመው ሰው እርሷን ስለሚመርጥ መሆኑን ማን ይጠይቅ? በቦታዋ ዲፕሎማ ያላት ወጣት ተቀመጠች፤ ጣቷ እንደ ዝናብ ነው። ስሙን ትጽፋለች፤ ክቧ ትዞራለች። አስቴር ልብስ ማጠቢያው በር ላይ በሳሙና ውኃ የተሸበሸበ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «አመነች፣ እኔ ጣቴን ይዤ ወጣሁ፤ ወረፋው ለምን እዚያ ቀረ?» አለችኝ። እያለቀሰች አልነበረም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወደ በረከት ሄድኩ። «ፈጣኑን መስኮት ለአለቆች ሰጥተህ ለኛ የተሰበረውን ሰጠኸን» አልኩት፤ ሰው ፊት ነው ያልኩት።

«እትዬ አመነች፣ በእግዚአብሔር! እኔ ለማንም አላደልም። የሚያከፋፍለው ማሽኑ ራሱ ነው።»

«በምን ሕግ?»

«በአድራሻ ነው። እያንዳንዱን አድራሻ አይቶ፣ አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ ይላል።»

«አድራሻ ምን ያደርጋል? በየተራ ስጥ! አንዱን በአንደኛው፣ ተከታዩን በሁለተኛው፣ ተከታዩን በሦስተኛው። ዕድር ላይ ወጥ የምታወጣ ሴት እንኳ ይህን ታውቃለች።»

«እንዲህም ማድረግ ይቻላል፤ ግን...» አለ።

«ግን የሚባለውን ለስብሰባ አስቀምጠው» አልኩት። ከኔ መገላገል ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ አደረገው።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታሉ ቆመ። እኛ ብቻ ብንሆን ለምደነዋል፤ አዲሱ ሕንፃም ቆመ። ሐኪሞቹ የራጁን ፎቶ ሲከፍቱ ሳይከፈት ይቀራል። እኛ ዘንድ ክቧ መዞሯንም ተወች። በረከት ላቡን እየጠረገ እንዲህ ሲል ነገረኝ፤ መረጃ እንደ ሰው አንድ ላይ አይሄድም፤ ተቆራርጦ ነው የሚላከው። በየተራ ስንልከው አንዱ ቁራጭ በአንዱ ካርድ፣ ቀጣዩ በሌላው ይወጣል፤ የኋለኛው ቀድሞ ይደርሳል። ተቀባዩ ማሽን መካከል ላይ የጎደለ ይመስለውና «እንደገና ላኩልኝ» ይላል። እንደገና ሲላክ መንገዱ ይብስ ይጨናነቃል።

ቤተሰብ አይበተንም። ጋሽ ባሳ ቆመው የነገሩኝ ያህል ሰማሁት።

ያን ቀን በሽተኛውን «ነገ ተመለሱ» ብለን ሸኘን። ከሃላሌ ልጇን በሞተር አስጭና የመጣች እናት ነበረች፤ የልጅቷ ክንድ በእንጨት ታስሯል፤ ራጅ ተነሥታለች፤ ሐኪሙ ግን ፎቶውን ማየት አልቻለም። እናትየዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ነጠላዋን አውልቃ የልጇን ክንድ አንገቷ ላይ ደግፋ አሰረችና ሄደች። የጮኸው በሽተኛ ሁሉ ተረስቶኛል፤ ዝም ያለችው ሴት እስካሁን አልወጣችልኝም። በማግሥቱ ተመልሳ መጥታ ልጇ ታክማለች፤ የመጣችበትን መንገድ ግን ማን ይመልስላታል?

በረከት የድሮውን ሕግ መለሰው። ክቧም ወደ መዞሯ ተመለሰች። ደግሜ ሄድኩበት፤ ሲያየኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«አልጮህም» አልኩት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ይህችን ላፕቶፕህን ይዘህ ና፤ አስቴር በተቀመጠችበት ተቀመጥ። ከወንበርህ ሆነህ ሁልጊዜ ደህና ነው። ወረፋ የሚታየው ከወረፋው ነው።»

«ከዚህም ያው ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ያው ከሆነ ምን ትቸገራለህ?»

መጣ። ጠዋት፣ ወረፋው በር አልፎ ግቢ ሲደርስ፣ በአስቴር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገመድ ሰካ። ከዲምቱ የመጣ አንድ ጎልማሳ መስታወቱን እያንኳኳ፣ «ወንድም፣ አዲሱ ካርድ አውጪ አንተ ነህ? እስቲ ጣትህን አሳየን!» ይለዋል። በረከት ስሙን ጻፈ። ክቧ ዞረች። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክቧ ስትዞር፣ የውጭ ሰው ሁሉ ዓይን ጣቱ ላይ ሲያርፍ፣ አንገቱ ድረስ ቀላ። አስቴር በየቀኑ የተቀመጠችው እንደዚህ ነው።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አራቱ ካርዶች የሚሠሩትን የሚቆጥር ነገር ከፈተ። የመጀመሪያው ቁጥር ይሮጣል። ሦስቱ አልፎ አልፎ ነቅነቅ ይላሉ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶ ሲከፍት የመጀመሪያው ይብስ ይሮጣል፤ ሦስቱ እንደ በዴሳው አለቃዬ ናቸው፤ ጫማቸው ይታያል፣ እነርሱ የሉም።

ገመዱን በዓይኑ እስከ ኮሪደሩ ተከተለ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ማሽኑ ሁላችሁንም እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራችሁ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«አዲሱ ሕንፃ ያሉት ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን በቀጥታ ነው የሚያንኳኩት። የእያንዳንዳቸውን ፊት ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ በአራቱ ካርድ ያከፋፍላቸዋል። ከአሮጌው ሕንፃ የሚመጣው ሁሉ ግን የሚያልፈው ኮሪደር ላይ በተሰቀለው በዚያ ሣጥን፣ በራውተሩ ነው። ማሽኑ የሚያየው መልእክቱን ያመጣለትን እንጂ የላከውን አይደለም። ያመጣው ሁልጊዜ ራውተሩ ነው። አንድ ፊት፤ አንድ ካርድ። የእናንተም ስም፣ የሐኪሞቹም የራጅ ፎቶ በዚያችው በአንዷ ነው የሚጋፋው።»

«ካርድ ስትጨምርስ?»

«መቶ ብጨምርም ለእናንተ ያው አንድ ነው።»

«ሦስቱን ማን ዘጋብን?»

«ማንም። ከፋብሪካ ሲመጣ የማከፋፈያው ሕግ እንዲህ ነው። እኔም ሳልነካው ተውኩት።»

ማንም! በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ እንደ «ማንም» ሥልጣኑ የሰፋ ግን አላየሁም። ጣራው ሲያፈስ ማንም አላፈሰሰውም፤ ካርድ ሲጠፋ ማንም አልወሰደውም፤ ሦስት መስኮት ተዘግቶ አስቴር ከመስኮቷ ስትባረር ማንም አልዘጋውም። ለአለቆች ያዳላ መስሎኝ የነበረውን ልጅ አየሁት፤ አድልዎ አልነበረበትም። የምቆጣው ሰው አጣሁ፤ ቁጣዬ ግን አልወጣልኝም።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ሆኖ ነው የበለጠ የተናደድኩት። ማሽኑ ያመጣውን ብቻ ማየቱን ትቶ የላከውንም አድራሻ፣ ጉዳዩንም አንብቦ እንዲከፋፍል ሕጉን ለወጠው። በአባት ስም የማይለየውን አያት ጨምሮ መጥራት እንደ ማለት ነው። አንድ ጉዳይ በጀመረበት ካርድ ያልቃል፤ ቤተሰብ አይበተንም። ትልቁ የራጅ ፎቶ አሁንም በአንድ ካርድ ነው የሚያልፈው፤ ግን ሌላው ሁሉ ከኋላው ቆሞ አይጠብቅም። ያን ዕለት ወረፋው ከምሳ በፊት አለቀ። ባለ ዲፕሎማዋ ወጣት እጇን አጣጥፋ፣ «አሁን ምን እንሠራለን?» አለች። ሹራብ ልላት አስቤ ተውኩት።

እኔም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። «ችግሩ ተፈቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ።

«አስቴርስ?»

«እርሱን እናየዋለን። አሁን ያለፈውን ትተን ወደፊት ብንመለከት ይሻላል፣ እትዬ።»

ወደፊት ተመለከትኩ። ወደፊት የነበረው የኔ ጡረታ ነው። አስቴር ልብስ ማጠቢያ እያለች የኔ መሸኛ ቀን ደረሰ።

በዚያው አዳራሽ ሠራተኛው ተሰበሰበ፤ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፤ ጋቢ አለበሱኝ። ሥራ አስኪያጁ «እናታችን» እያለ ጥሩ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ፣ «እትዬ አመነች የሚሉን ካለ» አለ። ተነሣሁ። በረከት ከሩቅ ሲያየኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያውቀኛላ።

«ስለ ጋቢው እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «እርስዎ እዚሁ ቆመው ጥፋቱ የካርድ ክፍል ሴቶች ጣት ነው ብለው ነበር። ዛሬስ የማን ነው?»

«እትዬ፣ ያ የአሠራር ችግር ነበር።»

«አሠራር የሚባለውን ሰው አላውቀውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ?»

ሳቅ ሆነ። እርሱም ሊስቅ ፈለገ፤ እኔን አየና ተወው። ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ። ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። ያለቀ መስሏቸው ነበር።

እኔ አልተቀመጥኩም። አስቴር ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ ቆማለች። «‹የኛ› ሲሉ እኔና አስቴርም አለንበት?» አልኩት። «ማሽኑም እኮ ያደረገን ይህንኑ ነው። በአንድ በር ስለገባን አንድ ሰው አደረገን።»

ጭብጨባው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ በረከትን አየ፤ በረከት ጫማውን አየ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ወደ አዳራሹ መጨረሻ፣ አስቴር ወደ ተደገፈችው ግድግዳ አነሣ።

«እርስዎ የሉበትም» አለ። «አስቴርም የለችበትም። ሰኞ ወደ መስኮቷ ትመለስ።»